የአንግሎ-ሳክሰን ጌጠኛ ብሮሾች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሮሽ ምንድን ነው? ጌጥ ነው ወይስ የልብስ መያዣ?

ሁለቱንም ነው፤ ነገር ግን መያዣነቱ ይቀድማል። ብሮሽ ከፊቱ ጌጥ፣ ከጀርባው ደግሞ መርፌና የመርፌው ጫፍ የሚገባበት ትንሽ መንጠቆ ያለው ማያያዣ ነው። እኛ መርፌ ቁልፍ የምንለውን ዕቃ በወርቅና በዕንቁ አጊጦ ማሰብ ነው። አዝራር የዘወትር ልብስ መዝጊያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ጨርቅን ከጨርቅ ጋር አጋጥሞ የሚይዘው ክር፣ መቀነት ወይም ብሮሽ ነበር።

በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ምድር ብዙ ሴቶች ይለብሱት የነበረው ቀሚስ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ፣ እንደ ቱቦ ዙሪያውን የተዘጋ ጨርቅ ነው። በብብት ሥር ይጠመጠምና የፊቱና የኋላው ጠርዝ ወደ ላይ ተስቦ በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ በአንድ ብሮሽ ይያዛል። በሁለቱ ብሮሾች መካከል የአምበር (ወደ ድንጋይነት የተለወጠ የዛፍ ሙጫ) እና የብርጭቆ ዶቃ ይንጠለጠላል፤ ካባ የምትደርብ ሴት ደግሞ ሦስተኛ፣ ብዙውን ጊዜ ተለቅ ያለ ብሮሽ በደረቷ ላይ ትጨምራለች። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከሥዕል ሳይሆን ከመቃብር ነው፤ ሥጋውም ጨርቁም ካለቀ በኋላ ብሮሾቹ በአፅሙ የትከሻ አጥንት ላይ እንደተቀመጡ ይገኛሉና።

አንግሎ-ሳክሰን የሚባሉት እነማን ናቸው?

የሮማ አስተዳደር በ410 አካባቢ ከብሪታንያ ካበቃ በኋላ ከዛሬዎቹ ሰሜን ጀርመን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድ ጠረፎች ባሕር ተሻግረው የሰፈሩት ሰዎች፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር እየተቀላቀሉ ለመሠረቷቸው መንግሥታት የተሰጠ የወል ስም ነው። ዘመኑ ኖርማኖች እንግሊዝን እስከያዙበት እስከ 1066 ይዘልቃል። ከመቃብር የወጡት ብሮሾች አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ናቸው።

ወንዶችስ ብሮሽ ያደርጉ ነበር?

በመጀመሪያው ዘመን እምብዛም። ወንድ የሚቀበረው ከጦር፣ ከጋሻ፣ ከቢላዋና ከቀበቶ ዘለበት ጋር ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን የባላባት ወንድ ካባ በአንድ ትከሻ ላይ በክብ ብሮሽ ተይዞ በብራና ሥዕሎችና የ1066ን ጦርነት በሚተርከው በባዮው ጥልፍ ላይ በግልጽ ይታያል።

ስንት ዓይነት ነው? በምንስ ይለያያል?

ባለሙያዎች ከደርዘን በላይ ዓይነትና ንዑስ ዓይነት ይቆጥራሉ፤ ለጀማሪ ግን አራት ወይም አምስቱን ማወቅ ይበቃል። ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈውና የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን የሚመስለው ዓይነት በላይኛው የቴምዝ ሸለቆና በደቡብ ይበዛል። እርሱን የሚመስል ግን ከሁለት ሴንቲሜትር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ አዝራር መሳይ ብሮሽም አለ፤ በመሃሉ ዓይኑን ያፈጠጠ የሰው ፊት ተቀርጾበታል። ዝርግ ክብ ብሮሽ አለ፤ እንደ ቀለበት መሃሉ ባዶ የሆነም አለ። ከሁሉም የሚገዝፈው ራሱ አራት ማዕዘን የሆነው ረጅም ብሮሽ ሲሆን፣ ወለሉ በሙሉ በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ ነው።

የመስቀል ቅርጽ ያለው የሚባለው ዓይነት ደግሞ ስሙ ሰውን ያሳስታል። ከኖርፎክ እስከ ኖርዛምብሪያ ባሉት የምሥራቅና የሰሜን አካባቢዎች የሚገኘው ይህ ብሮሽ ከክርስትና ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ የአካባቢው ሕዝብ ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት የተሠራ ነው። ከላይ ሦስት ጉብታዎች ስላሉት ብቻ ከርቀት መስቀል ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው የታችኛው ጫፍ የፈረስ ራስ ነው፤ ዓይኖቹ ጎላ ጎላ ያሉ፣ አፍንጫው የተነፋ፣ አፈ ሙዙ እንደ ማንኪያ ጠፍጠፍ ያለ።

ሁሉም ከወርቅ የተሠሩ ናቸው?

አይደሉም። በፎቶግራፍ ወርቅ የሚመስሉት አብዛኞቹ ነሐስና ነሐስ መሰል የመዳብ ቅይጦች ሲሆኑ ላያቸው ብቻ በስሱ በወርቅ ተለብጧል፤ ለዚህም ነው ጎበጥ ያለው ቦታ በልብስ ተፍቆ አረንጓዴ ዝገት ሲያሳይ ወርቁ በጎድጓዳው ውስጥ ብቻ የሚቀረው። ብር የሚገኘው ጥቂት ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወርቅ የተሠራ ብሮሽ ደግሞ የ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ7ኛው መጀመሪያ፣ በተለይም የኬንት መኳንንት ንብረት ነው።

የወርቁ ምንጭ ራሱ አስተማሪ ነው። አንጥረኞቹ የሚያቀልጡት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጣ ሳንቲም ነበር፤ ከቢዛንታይን መንግሥት ወጥቶ በፍራንኮች እጅ ያለፈ ወርቅ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ያ ምንጭ እየነጠፈ ሲሄድ በወርቁ ውስጥ የሚገባው ብር እየጨመረ፣ ቀለሙም እየነጣ መጣ። አንጥረኞቹም ዝም አላሉም፤ የቅይጡን ብር ከላዩ በኬሚካል እያስወገዱ ገጹን ብቻ ቢጫ ማድረግ ያውቁበት ነበር። በስታፎርድሻየር የተገኘውን፣ ከታች የምንመለስበትን የወርቅና የብር ሀብት የመረመሩ ባለሙያዎች ይህን ብልሃት በበርካታ ዕቃዎች ላይ አይተውታል።

እንዴት ይሠሩ ነበር?

ተራው የነሐስ ብሮሽ በማፍሰስ የተሠራ ነው። አንጥረኛው አስቀድሞ ሞዴል ያዘጋጃል፤ ሞዴሉን በሁለት ክፍል በተዘጋጀ እርጥብ ሸክላ መካከል ተጭኖ ቅርጹን ያወጣል፤ ሸክላው ሲደርቅና ሲተኮስ ሞዴሉ ወጥቶ የቀለጠ ነሐስ በቀዳዳው ይፈሳል። ብሮሹን ለማውጣት ሸክላው ስለሚሰበር ቅርጽ ማውጫዎቹ የሚገኙት ተሰባብረው ነው፤ በኤሴክስ ሙኪንግ ከተባለው የሰፈራ ቦታ የወጡት ስብርባሪዎች ራሱ አራት ማዕዘን የሆነው ታላቅ ብሮሽ ሲፈስባቸው የነበሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ነው። መስመሮቹ በመሳያና በትንንሽ ማኅተሞች ይጠራሉ፤ ብዙዎቹ ቅርጾች እንጨት በመሮ እንደሚፈለጥ ሰያፍና ስለታም ጎድጓዳ ስላላቸው፣ ሴትየዋ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ብርሃን በገጾቹ ላይ ይዘላል። ወርቁ የሚለበጠው በባዜቃ ነው፦ ወርቁ በባዜቃ ውስጥ እንደ ሊጥ ይለወስና በነሐሱ ላይ ይቀባል፤ ከዚያም በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል፣ በለስላሳ ድንጋይ ወይም በጥርስ ታሽቶ ያብረቀርቃል። የባዜቃ ጢስ መርዝ ነውና ያን የሚያበራ ብሮሽ የሠራ ሰው በራሱ ሳምባ ከፍሎበታል።

የአንጥረኛውን ማንነት በተመለከተ ከጽሑፍ ይልቅ አንድ መቃብር የበለጠ ይናገራል። በ1981 በሊንከንሻየር ታተርሻል ቶርፕ በተባለ ቦታ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ባለሙያ ከነመሣሪያው ተቀብሮ ተገኝቷል፤ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ትንሽ ሰንዳን፣ ብረት መቁረጫ፣ ከዚህም ጋር ለሌላ ሥራ ያስቀመጠው ቁርጥራጭ ብረት፣ ብርጭቆና ቀይ ድንጋይ። ሰውየው ብቻውን፣ ከመካነ መቃብር ርቆ መቀበሩ ከመንደር መንደር የሚዞር ባለሙያ ነበር የሚል ግምት አስነሥቷል።

በወርቅ ብሮሾች ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ምንድን ነው?

ጋርኔት የተባለ የከበረ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እንደ ወረቀት ሊባል በሚችል ደረጃ ስስ ሆኖ ተፈልጦ ጠርዙ በሚሽከረከር መንኮራኩርና በአሸዋ መሰል ዱቄት ይስተካከላል፤ ከዚያም ከቀጭን የወርቅ ዝርግ ሽቦ በተሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር ክሎይዞኔ ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የሚጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከኋላው መብራት ሳይኖር እንዴት እንዲህ ፍም ይመስላል? ምስጢሩ ከድንጋዩ ሥር ነው። በእያንዳንዱ ክፍል ወለል ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል የተነጠፈ ሲሆን፣ በቅጠሉ ላይ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ሦስትና አራት መስመር እስከሚገባ ድረስ የጠበበ የጥልፍልፍ መስመር ታትሞበታል። ብርሃኑ በስሱ ድንጋይ ያልፋል፣ ሻካራው ወርቅ በየአቅጣጫው ይበትነዋል፣ ተመልሶም ቀልቶ ይወጣል። ይህን ጥልፍልፍ ዛሬ በደንብ ለማየት ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል፤ እነርሱ ያተሙት በዓይናቸው ነው።

የዚህ ሥራ ቁንጮ የኪንግስተን ብሮሽ ነው ብል የሚቃወመኝ ጥቂት ነው። ነሐሴ 5 ቀን 1771 በኬንት ኪንግስተን ዳውን ላይ ቄስ ብሪያን ፎሴት ያስቆፈሩት መቃብር ውስጥ ተገኘ። ወርዱ 8.5 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከመሃል ጉብታው ጀምሮ ቀለበት በቀለበት ላይ እየሰፋ የሚሄድ የደረጃ ቅርጽ ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ ቀዩ ጋርኔት፣ ሰማያዊው ብርጭቆና ነጩ ዛጎል ይፈራረቁበታል፤ በመካከላቸውም እንደ ዶቃ የተንዠረገገ ጥቃቅን የወርቅ ሽቦ ይሽከረከራል። የፎሴት ስብስብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሲቀርብ አስተዳዳሪዎቹ አልገዙትም፤ ጆሴፍ ሜየር የተባለ የሊቨርፑል ወርቅ ሠሪ ገዛውና በኋላ ለከተማው ሰጠው። ስለዚህ እንግሊዝ ካላት ሁሉ የሚያምረው የዘመኑ ብሮሽ ዛሬ ለንደን ሳይሆን ሊቨርፑል ወርልድ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ከቀይ ባሕርና ከእኛ አካባቢ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ሰዎች ከሚገምቱትም በላይ። በጋርኔቶቹ ላይ የተደረገ የኬሚካል ምርመራ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት በብዛት ከሕንድና ከስሪላንካ እንደሆነ ያሳያል፤ ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሜዲትራኒያን የሚሄድ ዕቃ ዋነኛ መንገዱ ቀይ ባሕር ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የአክሱም መንግሥት ወደብ አዱሊስ ትገኛለች። ድንጋዮቹ በአዱሊስ ስለማለፋቸው የተጻፈ ደረሰኝ የለም፤ ባሕሩን ግን አቋርጠዋል። ከ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የሩቁ ድንጋይ ሲቀንስ አንጥረኞቹ ወደ አውሮፓው፣ በተለይም ወደ ቦሄሚያው ጥቃቅን ጋርኔት ዞረዋል።

ከብሮሾቹ ጎን የሚገኙት ሌሎች ዕቃዎች ግንኙነቱን ያጠናክሩታል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጋ ሴቶች መቃብር ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘው ነብርማ ትልቅ ዛጎል የቀይ ባሕር ፍጥረት ነው። ከዚያ ቀደም ብለው የተቀበሩ ሴቶች ደግሞ በወገባቸው የሚያንጠለጥሉት ከረጢት አፉ በዝሆን ጥርስ ቀለበት የተወጠረ ነበር። በሊንከንሻየር ስክረምቢ በተባለ መካነ መቃብር የተገኙትን ቀለበቶች የመረመረና በ2023 የወጣ ጥናት ጥርሱ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑን አረጋግጦ፣ እንስሳቱ ወደ ኖሩበት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራማ ምድር ጠቁሟል። በዚያው ዘመን ከአክሱም ወደ ውጭ ከሚላከው ዕቃ ቀዳሚው የዝሆን ጥርስ ነበር።

በላያቸው የተቀረጸው ምንድን ነው? እንስሳ ነው ስንባል ምንም አይታየንም።

አለማየትዎ የዓይን ድክመት አይደለም፤ ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው። ስዊድናዊው በርንሃርድ ሳሊን በ1904 ይህን ጥበብ ስታይል አንድና ስታይል ሁለት ብሎ ከፈለው፤ አከፋፈሉ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በመጀመሪያው፣ ማለትም ከ5ኛው መጨረሻ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው፣ እንስሳው ብልት በብልት ተቆራርጦ ተበታትኗል፤ አንድ ዓይን፣ በአጠገቡ ዳሌ፣ ዝቅ ብሎ ሦስት ጣት ያለው እግር ይገኛል። አንዳንዱ ምስል በአንድ በኩል ሲያዩት ጎንበስ ያለ አውሬ፣ ሲያዞሩት ጢማም የሰው ፊት ነው። በሁለተኛው፣ ከ6ኛው መጨረሻ ጀምሮ ባለው፣ አካሉ እንደ ጥብጣብ ረዝሞ እርስ በርሱ ይጎነጎናል።

ለመለማመድ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ፦ አስቀድሞ ዓይኑን መፈለግ፤ ዓይኑ ከተገኘ መንጋጋው ይከተላል፤ ከመንጋጋው በኋላ አንገቱን በጣት መከተል ነው። ከታች በምንመለስበት በሱተን ሁ የመርከብ መቃብር የተገኘውን ታላቁን የወርቅ ዘለበት በዚህ መንገድ የሚያነብ ሰው የተጠላለፉ 13 ፍጥረታትን ይቆጥራል። እባብ ብቻ መስሎት የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው።

በሱተን ሁ መርከብ ውስጥና በስታፎርድሻየር ሀብት ውስጥ ስንት ብሮሽ ተገኘ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርባል፤ መልሱም ጠያቂውን ያስገርማል። በ1939 በሳፎክ ኢዲት ፕሪቲ በተባሉ ባለመሬት ርስት ላይ ባዝል ብራውን ቆፍሮ ያገኘው 27 ሜትር የሚረዝም የመርከብ መቃብር በ620ዎቹ አካባቢ የሞተ ንጉሥ፣ ምናልባትም የምሥራቅ አንግሊያው ሬድዋልድ ማረፊያ ነው። በውስጡ ከ400 ግራም በላይ የሚመዝን የወርቅ ዘለበት፣ የጋርኔት የትከሻ ማያያዣዎች፣ የከረጢት ክዳንና የራስ ቁር ተገኝተዋል፤ ብሮሽ ግን የለም። የትከሻ ማያያዣዎቹ በማጠፊያ የሚገጠሙ ባለ ሁለት ክፍል ናቸው፤ የሮማ የጦር ሹማምንትን ጥሩር የሚያስታውሱ ናቸው እንጂ የሴት ብሮሽ ዘመድ አይደሉም።

በሐምሌ 2009 በሊችፊልድ አቅራቢያ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ የተገኘው የስታፎርድሻየር ሀብትም እንዲሁ ነው። ወደ 4,600 የሚጠጋ ቁርጥራጭ፣ 4 ኪሎ ገደማ ወርቅና 1.7 ኪሎ ገደማ ብር የያዘ ሲሆን፣ ዋጋው 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተተምኖ በአግኚውና በባለ መሬቱ መካከል ተከፍሏል። አብዛኛው ከሰይፍ እጀታ የተነቀለ ጌጥ ነው፤ የሴት ጌጥ አይታይበትም። ብሮሽ ለማየት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ሁለት ዝነኛ ስሞች ትቶ ወደ ተራው መካነ መቃብር ማተኮር ይኖርበታል።

በሙዚየም ያሉት ብሮሾች ለምን መርፌ የላቸውም?

መርፌው ብረት ስለነበረ ነው። የብሮሹ አካል ነሐስ ወይም ወርቅ ሆኖ 1,400 ዓመት ሲቆይ የብረቱ መርፌ ከመቃብሩ እርጥበት ጋር ዝጎ ያልቃል። ነገር ግን ይህ ዝገት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፊት ካለው ወርቅ የማይተናነስ ሀብት ነው። ብረቱ ሲዝግ በአጠገቡ ያለውን ጨርቅ ጨው እያጠጣ ወደ ማዕድን ይለውጠዋል፤ ክሩ ከጠፋ በኋላም የክሩ ቅርጽ በዝገቱ ውስጥ ታትሞ ይቀራል። ባለሙያዋ የብሮሹን ጀርባ በማይክሮስኮፕ ስታይ ጨርቁ ሱፍ ይሁን በፍታ፣ ፈትሉ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ የተገመደ፣ ሽመናው ተራ ይሁን ሰያፍ ታነባለች። ስለዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልብስ ከምናውቀው ብዙው የተገኘው ከእንዲህ ያለ የጣት ጥፍር ከምታህል የዝገት ቅርፊት ነው።

ቀደም ባሉት ዘመናት ግን ብዙ ሰብሳቢዎች ጀርባውን እያጸዱ ያን ሁሉ ጥለውታል። ሙዚየሞችም ብሮሾቹን በፊታቸው ስለሚያሳዩ ጎብኚው የሚያየው ግማሹን ታሪክ ብቻ ነው።

ክርስትና ሲገባ ብሮሾቹ የት ሄዱ?

በ597 አውግስጢኖስ የተባለ መነኩሴ ክርስትናን ሊሰብክ ከሮም ወደ ኬንት መጣ፤ ከ680ዎቹ በኋላ ከዕቃ ጋር የመቅበር ልማድ ጨርሶ ሊባል በሚችል ደረጃ ቀረ። ይሁን እንጂ ለውጡን ሁሉ በሃይማኖት ማመካኘት ስሕተት ነው፤ ልብሱ ራሱ ቀድሞ ተለውጧል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶች የትከሻ ብሮሾችን ትተው ወደ ሜዲትራኒያን ፋሽን፣ ማለትም ወደ ተሰፋ ቀሚስ፣ ወደ አንገት ሐብልና በሰንሰለት ወደተያያዙ ትንንሽ መርፌዎች ዞረዋል።

ብሮሽ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ሲመለስ በብር ተመልሷል። የዚህ ዘመን ስታይል ስሙን ያገኘው በ1774 በኮርንዎል ትሪዊድል የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች ካገኙት ሀብት ሲሆን፣ በብሩ ላይ ትንንሽ ሕያዋን እንስሳት ተቀርጸው መደቡ ኒየሎ በተባለ ጥቁር ቅይጥ ተሞልቷል። በኖርፎክ ፔንትኒ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ቆፋሪው ያገኛቸው ስድስት የተፈለፈሉ የብር ብሮሾች ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ ለጥቂት ዓመታት በቤተ ክርስቲያኑ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

የአየርላንዱ የታራ ብሮሽ አንግሎ-ሳክሰን ነው?

አይደለም። በ1850 ቤቲስታውን በተባለ ጠረፍ የተገኘውና በደብሊን ብሔራዊ ሙዚየም ያለው የታራ ብሮሽ በ700 አካባቢ የተሠራ የአየርላንድ ሥራ ነው። ግራ መጋባቱ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በላዩ ያለው የተጎነጎነ አውሬና የወርቅ ሽቦ ሥራ ከአንግሎ-ሳክሰን አንጥረኞች የተቀዳ ትምህርት ይታይበታል። መልኩ ይለያል፦ የአየርላንዱ ቀለበት መሳይ ሆኖ ረጅም መርፌ አለው፤ የእንግሊዙ መርፌ ከጀርባ የተደበቀ ነው።

ፉለር ብሮሽ ሐሰተኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ለተወሰነ ጊዜ በእርግጥ ተጠርጥሮ ነበር፤ ወንጀሉም በጣም ደህና ሆኖ መቆየቱ ነው። ይህ 11.4 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው የ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የብር ብሮሽ ተቀብሮ ስላልኖረ አልዛገም፤ አንዳንድ ባለሙያዎችም እንዲህ ያለ ንጹሕ ዕቃ የጥንት ሊሆን አይችልም አሉ። ሰብሳቢው ካፒቴን ፉለር ግን ጥርጣሬው እያለ ገዝቶት ጠበቀው። በኋላ በኒየሎው ላይ የተደረገ ምርመራ ጥቁሩ ቅይጥ በዚያ ዘመን እንደሚሠራው የብር ሰልፋይድ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ የኋለኛው ዘመን ኒየሎ መዳብና ብር የተቀላቀለበት ነው። ፉለር በ1952 ብሮሹ ሁልጊዜ በእርሱ ስም እንዲጠራ ቃል አስገብቶ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠው።

የተቀረጸውም አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ነው፤ በዓለም ላይ ከታወቁት የዚህ ርእሰ ነገር ሥዕሎች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። በመሃል ማየት ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል። በዙሪያው መቅመስ እጁን ወደ አፉ ከትቷል፤ መስማት እጁን ወደ ጆሮው አድርሷል፤ መዳሰስ መዳፎቹን ያፋትጋል፤ ማሽተት ደግሞ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ በረጃጅም ተክሎች መካከል ቆሟል፤ ለማሽተት እጅ አያስፈልግምና።

ጽሑፍ ያለባቸው ብሮሾች አሉ?

ጥቂት ናቸው፤ ጽሑፉም ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከጀርባ ነው። በካምብሪጅሻየር ሱተን በምትባል መንደር በ1694 የተገኘውና ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን የብር ብሮሽ ጀርባው ላይ ዙሪያውን እንዲህ ይላል፦ «ኤድዌን ባለቤቴ ናት፤ ጌታ ባለቤቷ ይሁን። በገዛ ፈቃዷ ካልሰጠችኝ በቀር ከእርሷ የሚወስደኝን ጌታ ይርገመው።» በብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ተብሎ የሚጀምረውን ግዝት ያነበበ ሰው የኤድዌንን ሐሳብ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሌላው አጭር ነው። በኖርፎክ ሃርፎርድ ፋርም ከሴት መቃብር የወጣው የ7ኛው ክፍለ ዘመን የወርቅና የጋርኔት ብሮሽ ጀርባው ላይ በሩን ፊደል «ሉዳ ብሮሹን ጠገነ» ተብሎ ተጭሮበታል። ብሮሹን ማን እንደሠራው ስም የለም፤ የተረፈው የጠጋኙ ስም ነው። በብሮሽ ምድብ ባይገባም በ1693 በሶመርሴት የተገኘውና በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም ያለው የአልፍሬድ ጌጥም «አልፍሬድ አሠራኝ» ይላል፤ ዕቃው በራሱ አንደበት መናገሩ የዚያ ዘመን ልማድ ነበር።

በእንግሊዝ የምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር መሬት ላይ ብናገኝ የማን ይሆናል?

በእንግሊዝና በዌልስ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና ቢያንስ አሥር በመቶው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ በ1996 የሀብት ሕግ መሠረት በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለተባለው ባለሥልጣን መገለጽ አለበት፤ ሙዚየም ከገዛው ካሳው በአብዛኛው በአግኚውና በባለ መሬቱ መካከል ይካፈላል። ተራ በወርቅ የተለበጠ የነሐስ ብሮሽ ለብቻው ሲገኝ በዚህ መስፈርት አይገባም፤ ቢሆንም ለአካባቢው የቅርስ መዝጋቢ ቢያሳዩት ለታሪክ ይጠቅማል። ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ በመሣሪያ መፈለግ አይፈቀድም፤ በተጠበቀ ታሪካዊ ሥፍራ ላይ ደግሞ ወንጀል ነው። አንድ ምክር ልጨምር፦ ያገኙትን አያጥቡት፣ አያሹት። ከላይ የተነገረው የጨርቅ ዱካ የሚጠፋው በዚያች ደቂቃ ነው።

ብሮሹን በማየት ያደረገችው ሴት ሳክሰን ናት፣ አንግል ናት ማለት ይቻላል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። መነኩሴው ቤዳ በ731 ባጠናቀቀው ታሪኩ መጤዎቹን አንግሎች፣ ሳክሰኖችና ጁቶች ብሎ ከፍሎ ለእያንዳንዳቸው አገር መደበላቸው፤ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች የብሮሾቹን ዓይነት በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ ከቤዳ አከፋፈል ጋር በከፊል ስለገጠመላቸው ብሮሹን እንደ መታወቂያ ወረቀት ማንበብ ጀመሩ። ነገር ግን የመስቀል መሳዩና የስኒ ሳህን መሳዩ ብሮሽ በአንድ መካነ መቃብር፣ አልፎ አልፎም በአንዲት ሴት ላይ አብረው ይገኛሉ። በ2022 የታተመ ሰፊ የዘረ መል ጥናት በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ በዚያ ዘመን ከነበሩት ሰዎች የዘር ምንጭ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ፍልሰቱ እውነት ነበር ማለት ነው። ሆኖም ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ሰዎችም ከመጤዎቹ ጎን፣ በዚያው መካነ መቃብርና በዚያው ወግ ተቀብረዋል።

ስለዚህ ብሮሹ የሚነግረን ሴቲቱ ወይም ቀባሪዎቿ እንዴት መታየት እንደፈለጉ ነው። አንዳንዷ የእናቷን፣ ምናልባትም የአያቷን ብሮሽ አድርጋ ተቀብራለች፤ ይህም የሚታወቀው ጉብታዎቹ በእጅና በልብስ እስኪልሙ ድረስ በመፈጋቸው ነው። አንዳንዷ በቀኝ ትከሻዋ ያለው ብሮሽ በግራዋ ካለው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም፤ አንዱ ጠፍቶ ወይም ተሰብሮ በተገኘው ተተክቷል። መንጠቆው ተሰብሮ በቀዳዳ ክር ገብቶበት የተሰፋ ብሮሽም አለ፤ ፊቱ እንደ አዲስ እያበራ ከጀርባው በክር ታስሮ የኖረ።